የሩታ እጅ

ዘቢደር ልጇን ሩታን በሽማግሎች ፊት በጥፊ መታቻት። ሽማግሎቹ ታላቅ እህቷን ሀይማኖትን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ ናቸው። ሩታ ጠላ ይዛ ስትቀርብ እጇ ድንገት ዘለለና ጠላው ከሽማግሎቹ አንዱ በሆኑት በአያ ስማቸው ጋቢ ላይ ተደፋ። «እኔ አይደለሁም እማ፣ እጄ ነው» አለች። ዘቢደር ደገመቻት። ሽማግሎቹ ሌላ ቀን እንመለሳለን ብለው ወጡ።

አርብ ዕለት፣ አርብ ገበያ በሚባለው ከተማ ገበያ ላይ ዘቢደርና እመቤት ተገጣጠሙ። እመቤት የጎረቤት ልጅ ናት፤ ንፋስ መውጫ ከተማ በነርስነት ትሠራለች። ሩታ ትምህርት ቤት ውስጥ ራሷን እየሳተች ስትወድቅ ባሕር ዳር ወስዳ የአንጎል ምርመራ ያሠራችላት እሷ ናት።

ዘቢደር ሰላምታውን ሳትጨርስ ስለ ጠላው አማረረች። መውደቁን ሕመም ነው ብላ ተቀብላለች፤ ጠበሉንም ኪኒኑንም ትሰጣታለች። ዕቃ መጣሉ ግን ልግም ነው ባይ ናት፣ ያውም ጠዋት ጠዋት። የወደቀ ይታዘንለታል፣ የጣለ ይመታል፤ ያገራችን ፍርድ ይኸው ነው።

«እትዬ ዘቢደር፣ እሱም ያው ሕመሙ ነው።»

«እናንተ ስትማሩ ስንፍናም በሽታ ሆነ?»

እመቤት አልሳቀችም። ሐኪሙ ውጤቱን የነገራት በዚሁ ሳምንት ነው። የሩታ ራስ ላይ ሽቦ ለጥፈው የአንጎሏን ሥራ በመስመር እንዳዩት አስረዳቻት።

«መስመሩ ዝግ ብሎ ይሄድና እንደ ጉና ተራራ ሽቅብ ይሾላል። ያኔ እጇ ይዘላል። መጀመሪያ አንጎሏ፣ ቀጥሎ እጇ። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ሲያበሩባት ደግሞ ባሰ።»

«እኔ ቤት መብራት የት አለና?»

«ፀሐይ በባሕር ዛፍ መሃል ስታብለጨልጭም ያው ነው።»

«ይድናል?»

«አይድንም፣ እትዬ። ስንት ሰው መሃል አንድ የሚገኝ፣ እያደር የሚብስ ዓይነት ነው። ኪኒኑ ካልተቋረጠ ግን መውደቁም መዝለሉም ይቀንስላታል። እሳት ዳር ብቻዋን አትሁን፣ ምንጭም ብቻዋን አትውረድ። ትምህርቷን አያስቀሯት። ደግሞ አይምቷት፤ ስትደነግጥ ይብስባታል።»

ዘቢደር ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ሳበች። ስንት ጠዋት መታቻት። ልጂቱ እጄ ነው እያለች።

«ሰው ከሰማ ሀይማኖትን ማን ያገባታል? በዘራቸው አለ ይሉናል።»

«ይሉ ይሆናል። ታዲያ ሩታ ልግመኛ ትባል?»

እህል ተራው ላይ አያ ስማቸው ገብስ እያሰፈሩ ነበር። ዘቢደር ሰዉን ሰንጥቃ ገባች፤ ነጠላዋን አደግድጋ ፊታቸው ቆመች።

«አያ ስማቸው፣ ልጄ ጠላውን የደፋችብዎ ታማ ነው። መታኋት፤ ያጠፋሁ እኔ ነኝ» አለች፣ ገበያተኛው እየሰማ።