የአብራሪው አባት በአዛናው ቤት

ሰደድ እሳት ልታጠፋ የመጣችው ትንሽ አውሮፕላን ገደል መትታ አብራሪው በሞተ በሳምንቱ፣ ከሰዓት በኋላ፤ አዛናውና ሚስቱ ውባለም ጓዳ ናቸው፣ የአብራሪው አባት አቶ ልሳኑ ደግሞ ልጃቸው የወደቀበትን ለማየት መጥተው እልፍኝ ተቀምጠዋል።

ውባለም፦ ውጣ እንጂ! ሰውዬው ባለቤቱ ሳይቆርስ አልቆርስም ብለው ገበታውን እያዩ ነው።

አዛናው፦ ሆዱን አሞታል በያቸው።

ውባለም፦ ጠዋት ሽሮውን ጠራርጎ የበላው የማን ሆድ ነው?

አዛናው፦ ወንድሜን ጥሪልኝ። እሱ ያብላቸው።

ውባለም፦ ቤቱ የወንድምህ ነው? ነገ ገደሉ ድረስ የምትወስዳቸው አንተ አይደለህ?

አዛናው፦ መንገድ ማሳየት ሌላ ነው፤ አብሮ መቁረስ ሌላ።

ውባለም፦ በእኛ አገር ከሟች ወገን ጋር የማይቆርስ ደመኛ ብቻ ነው። አንተ ምን ቤት ነህ?

አዛናው፦ ቀስ በይ፣ ይሰማሉ።

ውባለም፦ ምኑን? ልጁን ጭሱ ጋርዶት ገደሉን መታ ነው የተባለው።

አዛናው፦ ጭሱስ ከየት መጣ?

ውባለም፦ ከእሳቱ ነዋ! ... አዛናው።

አዛናው፦ እ?

ውባለም፦ ያን ቀን ክብሪቴን ስታነሣ ለጧፍ ነው አልከኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ነው፤ አንተ ሽቅብ ወጣህ።

አዛናው፦ አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ዝናብ ሊገባ ሲል ደረቁን የአስታ ቁጥቋጦ እናቃጥላለን፤ ለከብቱ ሣር ያቆጠቁጣል። ሲመሽ ነፋሱ ይተኛል ብዬ ነበር፤ አልተኛም።

ውባለም፦ ወይኔ ልጆቼን! ለሰው ተናግረሃል?

አዛናው፦ ላንቺ ብቻ።

ውባለም፦ እንግዲያው ዝም በል። ውጣና አንድ ጉርሻ ቁረስ። ማን ያውቅብሃል?

አዛናው፦ እሳቸው ቢያጎርሱኝስ?

ውባለም፦ ትውጣለሃ!

አዛናው፦ ልጃቸው ውኃ ተሸክሞ የመጣው እኔ ለለኮስኩት ነው፣ ውቤ። ጉሮሮዬ አያሳልፈውም።

ውባለም፦ ቢያስሩህስ? እነዚህን ልጆች ለማን ትተዋቸዋለህ?

አዛናው፦ እሳቸውስ ልጃቸውን ለማን ተዉት?

ውባለም፦ ወጡ ቀዘቀዘ። በል ና፣ እጅህን ላስታጥብህ።

አዛናው፦ ውኃውን መልሺው። ሳልታጠብ ነው የምወጣው።

አዛናው እልፍኝ ገብቶ በአቶ ልሳኑ ፊት ቆመና ነገራቸው። ገበታው ሳይቆረስ ተነሣ።