ወደ ደቡብ የተገለበጠው የአቶ ባዬ ማሳ

የምስክር ቃል መቀበያ
የምስክሯ ሙሉ ስም፦ አምለሰት ወንዳወቅ
ዕድሜ፦ 27
ሥራ፦ ፕሮግራመር
አድራሻ፦ ፍኖተ ሰላም ከተማ፣ ቀበሌ 02
ቃል የተሰጠበት፦ ረቡዕ ሰኔ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2፡30 ሰዓት

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ በፍኖተ ሰላም ከተማ በአንድ የግል የመሬት ልኬት ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ድርጅቱ በማንኩሳ ዙሪያና በቡሬ በኩል የገበሬ ማሳ እየለካ ካርታ ያወጣል። የማሳውን ነጥብና አራት ማዕዘን የሚያሰላውን አጋዥ ክላስ፣ ማለትም ሌሎቹ ፕሮግራሞች እየጠሩ የሚጠቀሙበትን አጭር ኮድ፣ የጻፍኩት እኔ ብቻ ነኝ። ኮዱ ከአንድ የማዕዘን ነጥብ ተነስቶ በርዝመትና በስፋት ሙሉ ማሳውን ያወጣል።

ሰኞ ሰኔ 5 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ የማንኩሳ አካባቢ ገበሬ የሆኑት አቶ ይሄይስ ቢሮ መጡ። በስተሰሜን የሚያዋስኗቸው ጎረቤታቸው አቶ ባዬ የያዙት አዲስ ካርታ የእርሳቸውን የበቆሎ ማሳ እንደወሰደ ነገሩኝ። ወንበር እንኳ አልሰጠኋቸውም። "ልጄ፣ እስቲ አንዴ እይው፤ ሠላሳ ዓመት ያረስሁት ነው" አሉኝ። እኔም ስክሪኑን እያሳየሁ "አባቴ፣ ኮምፒውተሩ አይሳሳትም" ብዬ መለስኩላቸው። ዞር ብለው ወጡ።

በማግስቱ ማክሰኞ ነገሩ ስለከነከነኝ ኮዱን ከፍቼ መስመር በመስመር አየሁት። ክላሱን መጀመሪያ የጻፍኩት ለስክሪን ሥዕል ነበር። በስክሪን ላይ ቁመት ከላይ ወደ ታች ይቆጠራል፤ በመሬት ካርታ ግን ከታች ወደ ላይ፣ ወደ ሰሜን ነው። ይህን ሳላስተካክል በመቅረቴ የአቶ ባዬ ማሳ ወደ ደቡብ ተገልብጦ አቶ ይሄይስ ማሳ ላይ አርፏል። መስክ ወርጄ አንድም ቀን አላመሳከርኩም። ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ እንድሪያስ ስነግራቸው "ለማንም እንዳትናገሪ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እናርመዋለን" አሉኝ።

አቶ ይሄይስ ጋ ደጋግሜ ብደውልም ስልካቸው ስላልተነሳ ከቀኑ 7 ሰዓት በባጃጅ ወደ ማንኩሳ ሄድኩ። ባጃጁን ጭቃ ስለያዘው የቀረውን መንገድ በእግሬ ሮጥኩ። ስደርስ አቶ ይሄይስ ማሳቸው ውስጥ ወድቀው ከጆሯቸው ደም ይፈስ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ እናኑ የባላቸውን ራስ ታቅፈው ይጮኻሉ። አቶ ባዬ ዱላ እንደያዙ ቆመው "ካርታዬ ይኸው! ማኅተሙን እዩት!" ይሉ ነበር። ስህተቱ የእኔ መሆኑን ስነግራቸው ዱላውን ጥለው ጭቃው ላይ ተቀመጡ። "ምነው ትናንት በነገርሽኝ" አሉ።

የደረስኩት ከተመቱ በኋላ ስለሆነ ማን እንደመታቸው በዓይኔ አላየሁም። በአቶ ባዬ እጅ የነበረው የተሳሳተ ካርታ ግን የእኔ ሥራ ነው። አቶ ይሄይስ ሆስፒታል ከገቡ ጀምሮ ነፍሳቸውን አያውቁም።

በዚሁ ኮድ የወጡ ሌሎች አርባ አንድ ካርታዎች በገበሬ እጅ አሉ። ዝርዝራቸውን ይዤ መጥቻለሁ። ዝናቡ ስለገባ ሁሉም እያረሰ ነው። የእኔን ቃል ተዉትና በፈጠራችሁ አሁኑኑ ደውሉላቸው።

(የመርማሪ ማስታወሻ፦ በምስክሯ ልመና ቃሉ ከ3፡10 እስከ 4፡15 ሰዓት ተቋርጦ ለየቀበሌው ተደውሏል። ሠላሳ ስምንቱ ተገኝተዋል፤ ለሦስቱ ሰው ተልኳል።)

ከላይ የሰፈረው ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። ማንም ሳያስገድደኝ የተናገርኩት እውነት ነው፤ ፍርድ ቤት ቀርቤም ይህንኑ እናገራለሁ።

(የመርማሪ ማስታወሻ፦ ምስክሯ ከመፈረሟ በፊት፣ በ4፡25 ሰዓት፣ አቶ ይሄይስ ማረፋቸው ከሆስፒታል በስልክ ተገልጿል። ይህ ተነግሯት ከቃሏ የምትለውጠው ካለ ስትጠየቅ "ሦስቱስ ተገኙ?" ብላለች። አለመገኘታቸው ተነግሯት ፈርማለች።)

የምስክሯ ፊርማ፦ አምለሰት ወንዳወቅ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ረዳት ሳጅን ሃይለ ሚካኤል ይታገሱ