የእንግዳ መቀበያው ዜማ

— ሄሎ? … አቤት፣ ጋሼ አስመላሽ። ጦቢያ ነኝ፣ የሙዚቃ መምህሯ … ይሰሙኛል? … እዚሁ ካዛንቺስ ትምህርት ቤት ነኝ፣ ከኳየሩ ጋ ልምምድ ላይ … ልጆች፣ አንዴ ፀጥ! ሩቲ፣ ኪቦርዱን ተይው!

— ለባህል በዓሉ ያዘጋጃችሁት ኖታ? ደርሶኛል። … አይ፣ አናጠናውም። … አናጠናውም አልኩ እኮ።

— ትዕቢት አይደለም! የእንግዳ መቀበያ ብለው የላኩልኝ ሙሾ ነው። … ሙሾ! የለቅሶ! … እሺ፣ ግጥሙን ላንብብልዎት። «እንዴት አደርክ አንተ እንግዳው፣ አልጎረበጠህም ወይ አልጋው?» … አዎ፣ «እንግዳ» ይላል። እንግዳው ማን መሰለዎት? ትናንት የተቀበረው ሰውዬ ነው! አልጋውም መቃብሩ ነው። አቀናባሪያችሁ «እንግዳ» የሚል ቃል ሲያይ ጊዜ ደስ ብሎት በአራት ድምፅ ከፋፈለው፣ በቃ።

— «ከየት አወቅሽ»? … ወንድሜ በተቀበረ ማግስት አክስቴ ይችኑ ስታወርድ ደረቴን እየደቃሁ አልቅሻለሁ። እስካሁን ሳስበው ያመኛል። ከየት አወቅሽ ይሉኛል!

— ምን? ቃሉን ትተን «ላላላ» እንበል? ጋሼ፣ ቃሉን ቢያወጡትም ዜማው ራሱ ያለቅሳል እኮ።

— ይታተማ! ፕሮግራሙ ስለታተመ ሙሾው ዘፈን ይሆናል? … ማለቴ፣ እኛ የራሳችን አለን። የአምስተኛ ክፍሏ አስተማሪ፣ ለተሚካኤል፣ የእናቷን አገር የእንግዳ መቀበያ አስተምራናለች። በከበሮና በጭብጨባ … «ለመድረክ አይመጥንም»? በአራት ድምፅ ካልተዘመረ ባህል አይደለም ማለት ነው?

— ይሰርዙን! … አዎ፣ ትምህርት ቤቱን ከበዓሉ ይሰርዙት። ርዕሰ መምህሩ ይቆጡኝ፣ ከፈለጉም ያባርሩኝ። እኔ ስልሳ ልጅ አሰልፌ በሰው ሐዘን ላይ አላስጨበጭብም።

— «ማንም አያውቀውም»? እንዴ! ከጎተራ ኮንዶሚኒየም የሚመጡት ወላጆች ግማሾቹ ይህ ሙሾ ከሚወርድበት ከሰሜን የመጡ አይደሉ እንዴ? … እሺ፣ ቆይ፣ እንዳይዘጉት። ቤት ነዎት አይደል? ላውድ ላይ ያድርጉትና በደንብ ይስሙት። እናንተ ልጆች፣ ጆሯችሁን ያዙ! … «እንዴት አደርክ … አንተ እንግዳው … አልጎረበጠህም ወይ … አልጋው …»

— ሄሎ? … ጋሼ አስመላሽ? … ማነው የሚጮኸው? … እናትዎ? አጠገብዎ ነበሩ እንዴ? … «ማን ሞተብኝ» ነው የሚሉት?

— ይንገሯቸው እንጂ! ማንም አልሞተም ይበሏቸው! … ውይ፣ እኔን። እሳቸውን ላስለቅስ ብዬ አልነበረም። … ምን አሉ? ነጠላቸውን አዘቀዘቁ?

— አይ፣ ስለ ፕሮግራሙ አሁን አይንገሩኝ። ፕሮግራሙን በኋላ ያስተካክሉታል። … አዎ፣ ያስተካክሉታል! አሁን ይሂዱና እናትዎን ያባብሉ። … ቻው።