የአደይ ገንፎ

— ሄሎ? ... ካሴ! ... ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባሕር ዳር ሥራው እንዴት ነው? ... ምነው፣ ድምፅህ ምን ሆነ?

— አሃ። እናትህ ደውለውልሃላ። ... አዎ፣ እውነታቸውን ነው። ለልጃችን ለአደይ ገንፎዋ ውስጥ የዓሣ ዱቄት እጨምርላታለሁ። ... አዎ፣ በሁዳዴ!

— ቆይ፣ አትጩህ። ሄሎ ... ትሰማኛለህ? ... እንግዲያ እኔም ልናገር። አንተ የሄድህ ሰሞን ልጅቷን ጤና ኬላ ወሰድኋት። የጤና ኤክስቴንሽኗ ባንቺአየሁ ክንዷን በባለ ቀለሟ የምግብ እጥረት መለኪያ ብትለካው ቢጫው ላይ ሆነ፣ ቀዩ ጫፍ ላይ! የዓመት ከአራት ወር ልጅ ሰባት ኪሎ እንኳ አልሞላችም፣ ካሴ። ... አልነገርሁህም። እዚያ ሆነህ ከመጨነቅ በቀር ምን ታደርጋለህ ብዬ።

— ዱቄቱን ያስተማረችኝ ባንቺአየሁ ናት። ... የምን እሾህ? ቡሬ ገበያ የምትነግደዋ ሉባባ የለችም? እሷ ከመራዊ፣ ከቆጋ ግድብ የወጣ ቀረሶ ዓሣ አድርቃ ታመጣለች። አምሰዋለሁ፣ እወቅጠዋለሁ፣ በወንፊት እነፋዋለሁ። እንደ በርበሬ ይልማል። ከዚያ አንድ ማንኪያ ነው፣ ሌላ የለውም።

— ጾሙንማ የንስሐ አባታችንን ጠየቅኋቸው። «የጡት ልጅ ምን ጾም አለባት?» ብለው ተቆጡኝ። እኔ እንደሁ አልቀመስሁም። ድስቷንም ማንኪያዋንም ለይቻለሁ። ... ይሸታል፣ አልዋሽህም። አንተ ግን ከጾሙ በፊት ሐይቁ ዳር ተቀምጠህ ፎቶ የላክህልኝ ምን እየበላህ ነበር? ... እህ! ሳቅ እንግዲህ።

— መጣሁ፣ እማማ! ገንፎው እስኪበርድላት ነው! ... እናትህ ናቸው የሚጠሩኝ፣ አደይ እያለቀሰች ነው። ርቧት ነው። ዱሮ እኮ ለማልቀስም አቅም አልነበራትም።

— አይ። አልተውም። ስማኝ፣ ካሴ። ቤቴልን አስባት። ትልቋ ልጃችን ሰባት ዓመቷ ነው፣ የጎረቤት የአምስት ዓመት ልጅ በቁመት ትበልጣታለች። ፊደሉም አልያዝ ብሏታል። ያኔ «የዘር ነው፣ ቆይታ ትመዘዛለች» አላችሁኝ። እኔም ዝም አልሁ። ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በዚችኛዋ ግን ዝም አልልም። አንተም ተቆጣ፣ እናትህም ያኩርፉ። ቆርጫለሁ።

— ... እሱን ልነግርህ እኮ ነው። ትናንት አስመዘንኋት። ስምንት ኪሎ ሊሞላት ትንሽ ነው የቀራት! ክንዷም አረንጓዴው ውስጥ ገባ። ባንቺአየሁ አላመነችም፣ ደግማ ለካቻት። ግድግዳ ይዛ ትቆማለች እኮ! ... ካሴ? ... እያለቀስህ ነው እንዴ?

— አውቃለሁ። እኔም ትናንት መንገድ ለመንገድ ሳለቅስ ነው የመጣሁት።

— ቆይማ ... ልቅሶዋን አቆመች። ... ካሴ፣ ቀስ በል። እናትህ ሳህኑን አንስተዋል። ... ራሳቸው! በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው ያጎርሷታል። «ዋጪ፣ የኔ እመቤት» ይሏታል። ...

— አይሆንም፣ ስልኩን አልሰጣቸውም! ሳያቸው ካዩኝ ይተዉታል። ወደ ደጅ ልውጣ። ... እሺ። እሺ በቃ፣ ዝጋው።