የጋሽ ተሰማ የእረፍት ቀን

የፋብሪካ አለቃችን "እረፍታችሁን በዋዛ ፈዛዛ አታሳልፉት!" እያሉ ነጋ ጠባ ይጨቀጭቁን ነበር። በአንዱ የእረፍት ቀኔ አቃቂ ባቡር ጣቢያ ብሄድ፣ ትኬት ቆራጩ ጋሽ ተሰማ ጋቢያቸውን ደርበው ከመንገደኛው መሀል ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ ተረኛ ነዎት እንዴ?"

"እረፍት ላይ ነኝ። ባቡሩ ዘግይቷል፤ ዝም ብለህ እይ።"

መንገደኛው በእሳቸው ቦታ የገባውን ትኬት ቆራጭ ከቦ የስድብ ናዳ ያወርድበታል። ጋሽ ተሰማ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

"ሳምንቱን ሙሉ የምሰደበው እኔ ነኝ። ሌላው ሲሰደብ ቁጭ ብሎ ከማየት የበለጠ ምን እረፍት አለ?"

ነገሩ ገባኝ። በሚቀጥለው እረፍቴ ፋብሪካችን በር ላይ ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳልቆይ የፋብሪካው ባለቤት መጥቶ አለቃችንን በሠራተኛው ፊት ያመናጭቃቸው ጀመር። አለቃችን ድንገት አዩኝ።

"አንተ! በእረፍትህ ቀን እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"እርስዎ እንዳሉን፣ በዋዛ ፈዛዛ ላለማሳለፍ ነዋ!"