አንበጣ የማያውቅ ውል

እዚህ ሱዳን፣ ወድ ኤል ሒለው ገበያ ሽንኩርቴን ሸጬ ስመለስ፣ የስደተኛ አትክልተኞች ማኅበራችንን ሰብሳቢ አባ ጓንጉልን ተከዜ ወንዝ ዳር ኒም ዛፍ ሥር አገኘኋቸው። ጭናቸው ላይ ማሳችንን የሚያጠጣው የውሃ ሞተር ባለቤት ሉጥፊ የሰጣቸው ውል አለ፤ ከቀትር በኋላ መጥቶ ሊያስፈርማቸው ነው። አጠገባቸው ሄርመላ ተቀምጣለች፤ ካርቱም ሕግ ስትማር ጦርነት ያቋረጣት የጎረቤታችን የተኸስተ ልጅ። እኔ እንኳ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል የተውኩት ለአስተማሪዎቹ አዝኜ ነው፤ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ።

«የሉጥፊ አባት ሞተር ባይኖር በሰባ ሰባት አልቀን ነበር» አሉ አባ ጓንጉል። «ዱፍ ዱፍ ሲል ልባችን ይመለስ ነበር።»

እውነታቸውን ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ ሲነሳ ጉማሬ ከውሃ ወጥቶ እስክስታ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። ያላመነ ጉማሬውን ይጠይቅ።

«ሞተሩን ማን ጠላው፣ አባባ?» አለች ሄርመላ። «ውሉ ግን ሃያ ዓመት ናፍጣ ብቻ ይላል። በፀሐይ ኃይል ውሃ ብንስብ፣ የቀረብኝን የሃያ ዓመት ትርፍ ክፈሉኝ ሊለን ነው። ዳኞቹም እሱ ከሩቅ የሚያመጣቸው ናቸው።»

«ቃል ነዋ! ቃል አይታጠፍም።»

«መንግሥታትም እንዲሁ ተይዘዋል። በነዳጅና በከሰል ላይ ገንዘቡን ያፈሰሰ የውጭ ኩባንያ አይነካም ብለው እርስ በርስ ተዋዋሉ። ዛሬ ምድር ስትግል፣ ከሰሉን ልዝጋ ያለው መንግሥት ይከሰሳል። ከውሉ ቢወጣ እንኳ ውሉ ለዓመታት አይለቀውም። ለዚህ ነው እነዚህ ውሎች ይሻሻሉ የሚባለው።»

«እና ቃል ይታጠፍ ነው የምትዪኝ?»

«እስቲ ይንገሩኝ፤ አገርዎ በየዳ ሳሉ፣ የሰው መሬት በእኩል አርሰው አንበጣ ቢወርድስ?»

የአባ ጓንጉል ዓይን ወደ ምሥራቅ ሄደ።

«ኧረ ያ ጊዜ! ሽማግሌ ማሳው ላይ ይወጣል። ባለመሬቱም ቆሞ ያያል። ‹እግዜር ያመጣው ነው› ተብሎ እንደ አዲስ እንዋዋላለን። አባቴማ ባለመሬት ሳለ ድርሻውን ትቶ ዘር ጨምሮ ሰጥቷል።»

«ቃሉን አጠፈ ያለው ሰው ነበር?»

«ማን ደፍሮ!» ወረቀቱን ገለበጡት። «ይኼ ውል አንበጣ አያውቅም በይኛ።»

ሉጥፊ ሲመጣ ወረቀቱን መለሱለት። «ለሦስት ዓመት እንፈርማለን። ሙቀቱ፣ ናፍጣው ወይም ወንዙ ሲለወጥ ሽማግሌ ማሳው ላይ ይወጣል። የፀሐዩንም ሞተር አንተው አምጣና ባለድርሻ ሁን።»

«ወላሂ፣ ያለ ጠንካራ ውል ንብረቴን አላወጣም!»

«አባትህ በሰባ ሰባት ያጠጣን ያለ ውል ነው፣ ልጄ።»

ሉጥፊ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «እሺ» አለ። አዲሱን ውል ሄርመላ ጻፈችው፤ ሁለቱም ፈረሙ።

በሁለተኛው ዓመት ሉጥፊ ያመጣው የፀሐይ ሰሌዳ ተተከለ። ናፍጣ ፍለጋ በርሜል አስጭኖ ገዳሪፍ ከተማ መመላለሱ ቀረለት፤ ናፍጣ ጠፋ ተብሎ የሚደርቅ ሽንኩርትም የለም። ትልልቆቹ አገሮችም ማሳ ላይ የሚወጣ ሽማግሌ ቢጨምሩበት ውላቸው ባልከፋ።

ሞተሩ ዝም ባለበት በመጀመሪያው ጠዋት አባ ጓንጉል ክንዴን ያዙኝ።

«ስማ! ተከዜ እኮ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ከአጠገቤ ሲያወራ አልሰማሁትም።»