እየጠራ የተዘጋው ስልክ

ቂሊንጦ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ይሠራ የነበረ ፎቅ ተደረመሰ። የእሳት አደጋው አዛዥ ክሬን ለማስመጣት ደጋግሞ ቢደውል ኔትወርክ እምቢ አለው። ዙሪያዬን ብቆጥር ስልክ ጆሮው ላይ ያልለጠፈ ሰው የለም። «መስመሩን ያጨናነቅነው እኛ ነን፤ ስልካችሁን አጥፉ!» ብዬ ጮህኩ። አንዱ «ጋሼ፣ መስመሩ የእርስዎ ነው እንዴ?» እያለም ቢሆን አጠፋ። ሌላውም ተከተለው። ባሏ ፍርስራሹ ስር የቀረባት ጎረቤቴ ዘቢባ ብቻ እምቢ አለች።

«አባባ፣ እየጠራ እኮ ነው!»

«ልጄ፣ እሱን የሚያወጣው ክሬን ነው።»

እያለቀሰች አጠፋችው። አዛዡ መስመር አገኘ፤ ክሬኑም መጣ። ባሏ አመሻሽ ላይ በሕይወት ወጣ። ቃሬዛው ላይ እንደተኛ፣ «ስልኩ ሲጮኽ እሰማ ነበር፤ እጄ ግን አልደረሰበትም። ዝም ሲል ተስፋ የቆረጥሽብኝ መሰለኝ» አላት።

ሒሳቤ ልክ ነበር። ዘቢባ ዞር ብላ ስታየኝ ግን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።